ለኮራል ስንት ብርሃን ይበቃል? ፐርሰንቱን ተዉትና ፓሩን ለኩ

ሪፍ ታንክ፣ ማለትም ኮራል ሚያድግበት የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ያለን ሐበሾች ብዙ አይደለንም ግን አለን፣ ስንገናኝ ደግሞ ሁሌ ምትመጣ ጥያቄ አለች፣ "መብራቱን ስንት ፐርሰንት ላይ ላድርገው?" ምትል። ይቺ ጥያቄ እንዲሁ መልስ የላትም። ድስቱን ሳያሳዩ "ስንት ማንኪያ ጨው ልጨምር" ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የአንዱ 40 ፐርሰንት ከሌላው 90 ፐርሰንት ሊበልጥ ይችላል፣ መብራቱ ይለያያል፣ የተሰቀለበት ከፍታ ይለያያል፣ የታንኩ ጥልቀት ይለያያል፣ ውሃው ራሱ ይለያያል። ኮራሉ የመብራቱ አፕ ላይ ያለውን ቁጥር አያይም፣ እሱ ሚያውቀው የተቀመጠባት ድንጋይ ላይ ስንት ብርሃን እንደወረደ ብቻ ነው፣ ፓር ምንለው እሱን ነው።

እኔ ይሄን የተማርኩት በ60 ዶላር ሀመር ኮራል ነው። ቨርጂኒያ ነው ምኖረው፣ ታንኬ 40 ጋሎን ነው፣ ርዝመቱ 91 ሴንቲ፣ ወርዱ 46፣ ከፍታው 41 አካባቢ። ሀመሩን ከሱቅ አምጥቼ "ብርሃን ይወዳል" ብዬ ከድንጋዩ አናት ላይ፣ ልክ ከመብራቱ ሥር ቁጭ አረግኩት። በማግስቱ ተሸማቆ አገኘሁት፣ ገና አልለመደም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጫፍ ጫፉ ነጣ አለ፣ በሳምንቱ አጥንቱ ብቻ ቀረ። በኋላ የብርሃን መለኪያ ሜትር ተውሼ ያቺን ቦታ ስለካት 310 ፓር አለችኝ፣ ሀመር ደግሞ 100 ምናምን ይበቃዋል። በርበሬ መስሎኝ ነው መሰለኝ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ብርሃን ሲያንስ ኮራል ቀስ ብሎ ነው ሚጎዳው፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል፣ እስከዛ አይታችሁ ታስተካክላላችሁ። ሲበዛ ግን በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ምነግራችሁ ሁሉ ከዝቅታ ተነስቶ ወደ ላይ ሚሄድ ነው።

መጀመሪያ፣ ምንድነው ምንለካው

ፓር ሚባለው ተክልና አልጌ ምግብ ለመሥራት ሚጠቀሙበት ብርሃን ነው፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው። ሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ ስንት ማይክሮሞል የብርሃን ቅንጣት እንደሚያርፍ ነው፣ እኛ ግን ዝም ብለን "150 ፓር" ነው ምንለው። ለግምት እንዲረዳችሁ፣ ጥርት ባለ ሰማይ ቀትር ላይ ውጭ ብትለኩ ወደ 2000 ይጠጋል።

ኮራል እንስሳ ነው፣ ግን ሥጋው ውስጥ ዙዛንቴሌ ሚባሉ በዓይን ማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። ነገሩ የእኩል አራሽ ዓይነት ነው፣ ኮራሉ መሬቱን ይሰጣል አልጌዎቹ በብርሃን ስኳር አምርተው ያካፍሉታል፣ እንደውም አብዛኛው ምርት ለባለ መሬቱ ነው ሚሄደው። ብርሃኑ ከልክ ሲያልፍ ታዲያ አልጌዎቹ ከአቅማቸው በላይ ይሆንባቸውና ሴል ሚጎዳ የኦክስጅን ዓይነት ማውጣት ይጀምራሉ፣ ያኔ ባለ መሬቱ ከነቤተሰባቸው ያባርራቸዋል። ብሊች አረገ ምንለው ይሄንን ነው። ነጭ ሚመስለው ሥጋው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥር ያለው አጥንት ስለሚታይ ነው፣ እና ነጭ ሆነ ማለት ወዲያው ሞተ ማለት አይደለም፣ ቶሎ ከተደረሰበት አንዳንዱ ይመለሳል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት እዚህ ጋ ምንም አይነግራችሁም። ስልክ ላይ ያለው የሉክስ አፕም ያው ነው፣ ሉክስ የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን ደግሞ አረንጓዴውን አጉልቶ ሰማያዊውን አደብዝዞ ነው ሚያየው፣ የሪፍ ኤልኢዲ ብርሃን ደግሞ አብዛኛው ሰማያዊ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ታንኩን ያየች ቀን "ምነው ልጄ፣ ቡና ቤት ከፈትክ እንዴ?" ነው ያለችኝ፣ ቀጥላም "ደግሞ ጨለማ ነው፣ ዓሦቹ እንዴት ያያሉ" አለች። ያ ጨለማ ያለችው መሃሉ ላይ 200 ፓር ነበር። በዓይን መገመት አይቻልም ምላችሁ ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ያላችሁን ኮራል ጻፉ

ወረቀት አውጡና ታንካችሁ ውስጥ ያለውን፣ ልትገዙ ያሰባችሁትንም ጭምር ጻፉ፣ ከጎኑ ሚፈልገውን ፓር። ቁጥሮቹ ሕግ አይደሉም፣ አሳዳጊው ሁሉ በልምድ ሚነሳባቸው ናቸው።

ማሽሩም፣ በተለይ ዲስኮሶማ፣ ከ30 እስከ 80 በቂው ነው፣ ጥላ ሥርም ይኖራል። ዞአንቲድ ከ50 እስከ 150 ባለው ሁሉ ይሆናል፣ ሌዘር ከ75 እስከ 150። ኤልፒኤስ (ፖሊፓቸው፣ ማለትም አፍና እጅ ያላት እያንዳንዷ አካል፣ ትልልቅ የሆነ ባለ አጥንት ኮራሎች) ውስጥ አካን ዝቅ ያለውን ይመርጣል፣ ከ50 እስከ 100፣ ሀመር ቶርችና ፍሮግስፖን ደግሞ ከ80 እስከ 150 ላይ ነው ደስ ሚላቸው። ወደ ኤስፒኤስ (ፖሊፓቸው ትንንሽ የሆነ ባለ አጥንት ኮራሎች) ስትመጡ ሞንቲፖራ ከ150 እስከ 250፣ አክሮፖራ ከ200 እስከ 350። ከዛ በላይ ሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ ቆንጆ ቀለም ያወጣላቸዋልም፣ ግን ውሃቸው ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ አይልም፣ የኔና የናንተ ውሃ እንደዛ እስኪሆን 250 ላይ መቆም ይሻላል።

ዜኒያ፣ ያ እጁን ጭብጥ ዘርጋ ሚያረገው፣ ከጎረቤታችን ከቀይ ባሕርም ሚገኝ ነው፣ 100 አካባቢ ከሰጣችሁት ራሱ ታንኩን ይወርሰዋል፣ ብቻውን ድንጋይ ላይ አስቀምጡት ካለበለዚያ ትቆጫላችሁ። በስሙ ሚያሳስተው ደግሞ ፀሐይ ኮራል ሚሉት ብርቱካናማው ነው፣ ስሙ ፀሐይ ይሁን እንጂ አልጌ ስለሌለው ብርሃን ምኑም አይደለም፣ በእጅ ካልመገባችሁት በረሃብ ነው ሚሞተው።

ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ለሚይዝ ሰው፣ አብዛኞቻችን እንደዛ ነን፣ አሸዋው ላይ ከ50 እስከ 80፣ ድንጋዩ ወገብ ላይ ከ100 እስከ 150፣ አናቱ ላይ ከ200 እስከ 250 እንዲሆን ነው ምትፈልጉት። መብራቱን ለአንድ ኮራል አትመርጡም፣ እንዲህ ደረጃ ደረጃ ያለው ታንክ ትሠሩና ለእያንዳንዱ ኮራል ቦታ ትመርጡለታላችሁ።

ሦስተኛ፣ ሜትር ፈልጉና ለኩ

ለኤልኢዲ ሚሆነው ሜትር አፖጂ ኤምኪው 510 ነው፣ ሴንሰሩ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ለውሃው ሚያስፈልገውን ማስተካከያም ራሱ ሠርቶ ነው ቁጥሩን ሚሰጣችሁ። ችግሩ ከ500 ዶላር በላይ ነው፣ በዓመት ሁለቴ ለምትነካው ዕቃ ይሄን ማውጣት ያማል። አሜሪካ ያላችሁ ሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ የአካባቢያችሁ የአኳሪየም ክለብም ለአባላቱ ሊያውስ ይችላል፣ ጠይቁ። የድሮዎቹን ሜትሮች ካገኛችሁ ሰማያዊውን አሳንሰው እንደሚያነቡ እወቁ፣ 150 ሲሏችሁ ከዛ በላይ ነው።

ከመለካታችሁ በፊት የመብራቱን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨው ተረጭቶ ይደርቅበታል፣ ያ ነጭ ሽፋን ብርሃን ይበላል። ፕሮግራሙ ከፍተኛው ላይ ሚደርስበትን ሰዓት ጠብቁ ወይም በእጅ እዛ ላይ አድርሱት። ፓምፑን አታጥፉ፣ ሞገዱ ቁጥሩን ያዘልለዋል ግን ኮራሉም እሱን ነው ሚያገኘው፣ 10 ሰከንድ ያህል ያዙና መሃል ለመሃል ያለውን ውሰዱ። ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይይ፣ ትንሽ ካዘነበለ ቁጥሩ ይወርዳል፣ የራሳችሁ እጅም ጥላ እንዳይጥልበት።

አሁን ወረቀቱ ላይ ታንኩን ከላይ እንደሚታይ አራት ማዕዘን ሣሉና በ9 ክፈሉት። እያንዳንዷ ጋ አሸዋው ላይ፣ መሃል ከፍታ ላይ፣ ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ለኩ። 27 ቁጥር ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ስትጨርሱ ትደነግጣላችሁ። የኔ መሃሉ ላይ 310 እያለ የኋላ ቀኝ ጥጉ 70 ነበር፣ አንድ ታንክ ውስጥ፣ በአንድ መብራት። ቶርቹን ያን ሁሉ ወር ከአናት ወደ ታች ሳመላልሰው ነበር፣ ለካ ትክክለኛ ቦታው 20 ሴንቲ ወደ ጎን ነበረች።

ሜትር ፈጽሞ ካልተገኘስ? የመብራታችሁን ሞዴል ሌላ ሰው በናንተ ታንክ መጠን ለክቶት ይሆናል፣ ከፋብሪካውም ሚወጣ የፓር ካርታ አለ፣ እሱን ፈልጉና ከሚለው ዝቅ አርጋችሁ ጀምሩ። የተሰቀለበት ከፍታ ከካርታው ጋር አንድ መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ 15 ሴንቲ ልዩነት ሁሉን ነገር ይቀይረዋል።

አራተኛ፣ ከፍታውንና ፐርሰንቱን አስተካክሉ

መሃሉ እሳት ጥጉ ጨለማ ከሆነ ፐርሰንቱን አትንኩ፣ መጀመሪያ መብራቱን ወደ ላይ ስቀሉት። ሲርቅ ብርሃኑ ይሰፋል፣ መሃሉ ይወርዳል ጥጎቹ ይነሳሉ። እኔ ከ20 ሴንቲ ወደ 30 ስሰቅለው መሃሉ ከ310 ወደ 230 ወረደ፣ ጥጉ ግን 70 የነበረው 85 ሆነ። ከዛ በኋላ ነው ፐርሰንቱ ሚመጣው። ሁሉንም ቻናል (አፑ ላይ ለየብቻ ሚስተካከሉትን የመብራቱን ቀለሞች) በአንድ ዓይነት ልክ ካወረዳችሁት ፓሩም በዛው ልክ ገደማ ነው ሚወርደው፣ 60 ፐርሰንት ላይ 180 ከነበረ 40 ላይ 120 አካባቢ ታገኛላችሁ፣ ያም ሆኖ አንዴ ለክታችሁ አረጋግጡ።

ነጩን ቻናል ብቻ ወይም ሰማያዊውን ብቻ ስትነኩ ግን ይሄ ሂሳብ አይሠራም። ሰማያዊው ከ420 እስከ 480 ናኖሜትር ያለው ነው ለኮራሉ ዋናው ምግብ፣ ባሕር ውስጥም ቀዩ ቶሎ ተውጦ ወደ ታች ሚደርሰው እሱ ነው፣ ነጩን ለዓይናችሁ ሚሆን ያህል ጨምሩ። ነጩን ከፍ ስታረጉ ታንኩ ቦግ ይልና ብዙ የጨመረ ይመስላችኋል፣ ሰማያዊውን ስትጨምሩ ደግሞ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፣ አደገኛው እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ሰዓቱ

ብርሃን እንደ ደሞዝ ነው፣ የሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የቀኑ ድምር ይታያል። 150 ፓር ለ10 ሰዓት ቢበራ፣ 150 በ36,000 ሰከንድ ስታባዙት 5.4 ሚሊዮን ማይክሮሞል ይመጣል፣ ማለትም 5.4 ሞል በቀን። 200 ፓር ለ7 ሰዓት ተኩል ብታበሩም ያው 5.4 ነው። ስለዚህ መብራታችሁ ደከም ያለ ከሆነ ሰዓት በመጨመር ትንሽ ማካካስ ይቻላል። በተቃራኒው ግን አትሞክሩት፣ 100 ሚፈልገውን ሀመር 310 ላይ አስቀምጦ "3 ሰዓት ብቻ አበራለታለሁ" ማለት አይሆንም፣ እኔ አስቤው ነበር። ሚያቃጥለው ያቺ ሰዓት ላይ ያለው ጉልበት ነው።

የኔ በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 ሰዓት ይነሳል፣ ቀስ እያለ ጨምሮ 6 ሰዓት ላይ ሙሉ ይሆናል፣ እስከ ማታ 2 ሰዓት ይቆይና እየወረደ 4 ሰዓት ላይ ድርግም። 12 ሰዓት ይመስላል፣ ግን መነሻና መውረጃው ግማሽ ግማሽ ስለሚቆጠር ለሂሳብ 10 ሰዓት ነው። ከሥራ ስገባ ታንኩን ማየት ስለምፈልግ ነው እንዲህ ወደ ማታ የገፋሁት፣ ኮራሉ ግድ የለውም። ሌሊት ግን የግድ ይጨልምለት፣ ያቺ "የጨረቃ ብርሃን" ምትባለዋን፣ ሌሊት ምትበራዋን ደብዛዛ መብራት፣ እኔ አጥፍቻታለሁ።

ስድስተኛ፣ አዲስ ኮራል ሲመጣ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚያበላሸው። ሱቅ ውስጥ ስትገዙ "ስንት ፓር ላይ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ካላወቁ ወይ "መካከለኛ ነው" ካሏችሁ ዝቅተኛ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ክረምቱን ሙሉ ቤት የከረመ ሰው መስከረም ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢውል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ እሱ ግን ቢያንስ ጥላ ሥር መሄጃ እግር አለው።

አሸዋው ላይ አስቀምጡትና አንድ ሳምንት ተዉት፣ ከዛ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ቦታው አውጡት። ተጣብቆ የመጣ ወይም ማይነሳ ከሆነ የመብራቱ አፕ ላይ አክላይሜሽን ሚባለውን ተጠቀሙ፣ 50 ፐርሰንት ላይ ጀምሮ በ4 ሳምንት ወደ ሙሉው ሚወስድ አርጋችሁ። ሌላው የድሃ ዘዴ፣ እኔ ምወደው፣ የመስኮት መረብ ነው፣ የትንኝ መከላከያው። ሦስት አራት ድርብ አርጋችሁ ከኮራሉ በላይ ታንኩ አፍ ላይ ትዘረጉና በየ4 ወይም 5 ቀኑ አንዷን ታነሳላችሁ። የፕላስቲኩ ይሁን፣ የብረቱን ግን እንዳታረጉ፣ ይዝጋል። ሌሎቹ ኮራሎች ምንም ሳይነካቸው እሱ ብቻ ይለምዳል።

አዲስ መብራት የገዛችሁ ጊዜም እንደዛው ነው፣ ከድሮው በምን እንደሚበልጥ ሳትለኩ ሙሉ አትልቀቁት። አንድ ለውጥ ካረጋችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ከመንካታችሁ በፊት 2 ወይም 3 ሳምንት ጠብቁ፣ ኮራል ዛሬ ያረጋችሁትን መልሱን ሚነግራችሁ ከዛ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እዚህ ግን ሚለቀምም የለም።

ሰባተኛ፣ ኮራሉን አንብቡት

ሜትሩን መልሳችኋል፣ አሁን ያለው ዓይናችሁ ነው። ማሽሩም አንገቱን አስረዝሞ እንደ ዣንጥላ ከቆመ፣ ዞአንቲዱ ግንዱ እየረዘመ ወደ ላይ ከተንጠራራ ብርሃን አንሶታል። በተቃራኒው ማሽሩም ጭምድድ ብሎ ካነሰ፣ ፖሊፕ ቀን ቀን ተከቶ ማታ መብራት ሲደክም ብቻ ከወጣ በዝቶበታል።

ቀለም ላይ ግን ተጠንቀቁ። አክሮፖራ ቡናማ ሲሆን ሁሉም ሰው መብራት ይጨምራል፣ አዎ ብርሃን ሲያንስ አልጌውን ያበዛና ይቡናል፣ ግን ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዛም እንደዛው ነው ሚሆነው። ሲገረጣም ሁለት መንገድ አለ፣ ወይ ብርሃን በዝቷል ወይ ውሃው በጣም ጸድቶ ሚበላ አጥቷል። ስለዚህ መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ፈትኑ፣ ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 (ሁለቱም በሊትር በሚሊግራም)፣ ሙቀት ከ25 እስከ 26 ዲግሪ፣ ጨው በኪሎ ውሃ 35 ግራም። ዱባይና ኩዌት ያላችሁ በተለይ ሙቀቱን፣ ኤሲው ቀን ላይ ሚጠፋበት ቤት ከሆነ ውሃው 29 ይገባና በብርሃን ታሳብባላችሁ።

እኔ ምለይበት አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ባትሪ ይዛችሁ ተንበርከኩና ኮራሉን ከሥሩ እዩት። ወደ መብራቱ ያለው ጎን ገርጥቶ ሥሩ፣ ጥላው ውስጥ ያለው፣ ቀለሙን እንደያዘ ከሆነ ጥፋተኛው መብራቱ ነው፣ ዝቅ አርጉት። ከላይ እስከታች እኩል ከገረጣ ውሃውን መርምሩ። ከሥሩ ጀምሮ ሥጋው እየተላጠ ወደ ላይ ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አልካሊኒቲ (ኮራሉ አጥንት ሚሠራበት ውሃው ውስጥ ያለ የካርቦኔት መጠን) ከፍ ዝቅ ብሎ ነው፣ መብራቱን ተዉት። ይሄን ሳላውቅ አንዱን ሞንቲፖራ በከንቱ ጥላ ሥር ከትቼው ነበር።

አልካሊኒቲን ካነሳን፣ ብርሃን ስትጨምሩ ኮራሉ አጥንት መሥራት ያፋጥናል፣ ስለዚህ ከውሃው ሚጠቀመውም ይጨምራል። 8.5 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያው ነው) ላይ የነበረው በሳምንት 7 ሊገባ ይችላል። መብራት ከፍ ባረጋችሁባቸው ሳምንታት በየሁለት ቀኑ ለኩት።

እና ካርቦን፣ ውሃ ሚያጣራው የከሰል ፍሬ። ውሃ ሲቆይ ቢጫ ይላል፣ በየቀኑ ስለምታዩት አይታወቃችሁም፣ ነጭ ባልዲ ውስጥ ስትቀዱት ነው ሚታየው። ያ ቢጫነት ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራል። ለወራት ካርቦን ሳታረጉ ቆይታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ከረጢት ብትጨምሩ በማግስቱ ውሃው እንደ መስታወት ይጠራል፣ መብራቱን ሳትነኩ ፓሩ ዘለለ ማለት ነው። ትንሽ ትንሽ፣ በየወሩ እየቀየራችሁ አርጉት፣ ካልሆነም ያን ሳምንት መብራቱን 10 ፐርሰንት ያህል አውርዱት።

ቲ5 ሚባለውን የፍሎረሰንት ዘንግ መብራት ምትጠቀሙ ዘንጎቹ ከ9 እስከ 12 ወር ውስጥ ይደክማሉ፣ ሁሉንም አንድ ቀን አትቀይሩ፣ በሳምንት አንድ አንድ። ኤልኢዲ ያላችሁ ይሄ ጣጣ የላችሁም፣ ግን ኮራሉ ራሱ ያድጋል፣ የኔ ሞንቲፖራ እንደ ምጣድ ተዘርግቶ ከሥሩ ያለውን አካን ከ90 ወደ 35 አወረደው፣ ስለዚህ በዓመት አንዴ ሁለቴ ድጋሚ መለካት ነው። ሜትሩን ስትመልሱ ሴንሰሩንና ገመዱን በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ጨው ደርቆበት ከመለሳችሁት ሁለተኛ አያውሷችሁም። 27ቱ ቁጥር ያለባትን ወረቀት ደግሞ ከታንኩ ሥር ያለው ቁምሳጥን በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፏት፣ ቀኑን፣ የመብራቱን ከፍታና ፐርሰንቱን ጽፋችሁ። ከስድስት ወር በኋላ ፍራግ (ከሌላ ኮራል የተቆረጠ ቁራጭ) ይዛችሁ ስትገቡ መጀመሪያ ምትከፍቱት ያን በር ነው።